ከመቀስ በፊት እርሳስ

ድሬዳዋ ሙቀት ነው። ብዙውን ጊዜ ሌሊቱ በአንሶላ ብቻ ይታደራል። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ወደ ሐረማያ ላለፈ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ይበርዳል። ስለዚህ የደጋው ሰው ወደ ቀፊራ ገበያ ወርዶ የሚደርበውን ይፈልጋል። ድሬዳዋ የጨርቅ አገር ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ ጀምሮ የውጭ ጨርቅ ሲራገፍባት ኖሯል፤ በኋላም የራሷ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቆሞላታል። ቢሆንም አዲስ ብርድ ልብስ ውድ ነው። ብጣሽ ጨርቅ ግን ከልብስ ሰፊ እግር ሥር አይጠፋም። ያረጀ ሽርጥ፣ የተቀደደ ድሪያም በየቤቱ አለ።

ብጣሽ እየገጣጠሙ የሚሰፉትን ድሪቶ እንለዋለን። ስሙ የድህነት ስም ሆኖ ቀረ እንጂ ሥራው የሚናቅ አይደለም። በአሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ በምትባል የገጠር መንደር ጥቁር ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ የሰፉት ድሪቶ በ2002 እ.ኤ.አ. ሂዩስተን ከተማ በሙዚየም ተሰቅሎ ታይቷል።

አንድ ቀን ቀፊራ በረንዳ ላይ ከሚሰፋ ሰው አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት እናት ከደጋ ወርደው መጡ። 80 ቁራጭ ጨርቅ በፌስታል ይዘዋል። እያንዳንዱን 20 በ20 ሴንቲሜትር አድርገው በጥንቃቄ ቆርጠውታል። ሁለት ልጆች አብረው የሚለብሱት፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ60፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ ነው የፈለጉት። ሰፊው ቁራጩን በሜትሮ ለካና፣

«እማማ፣ ለስፌቱ የት ተውሽለት?» አላቸው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም የለም፤ ንቀት እንዳይመስላችሁ።

እሳቸው ያሰቡት እንዲህ ነው። 8 ጊዜ 20፣ 160። 10 ጊዜ 20፣ 200። ሒሳቡ ልክ ነው። ነገር ግን ጨርቅ ሲሰፋ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይገባል። በአንድ ወገን 1 ሴንቲሜትር ቢገባ ቁራጩ ግራና ቀኝ 2 ያጣል። 20 የነበረው 18 ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ 8 ጊዜ 18፣ 144። 10 ጊዜ 18፣ 180። ከቁመቱ 20 ሴንቲሜትር ጎደለ ማለት የልጅ እግር ሌሊቱን ሙሉ ውጭ አደረ ማለት ነው።

ሴትዮዋ ደነገጡ። ጨርቁ ከተቆረጠ ወዲያ አይረዝምማ! ሰፊው ግን በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ጻፈ። 9 ጊዜ 18፣ 162። 11 ጊዜ 18፣ 198። 9 ጊዜ 11፣ 99 ቁራጭ። 80 አለ፤ 19 ይቀራል። ከእግሩ ሥር ብጣሽ ለቅሞ፣ «ይኸን በዚያው ልክ ቁረጪው» አላቸው።

እናንተ ገና ካልቆረጣችሁ ሥራው ይቀላል። ተሰፍቶ 20 እንዲሆን የምትፈልጉትን 22 አድርጋችሁ ቁረጡ። አንዱን ቁራጭ ከአራት ትንንሽ ለመግጠም ያሰበ ሰው ደግሞ 22ን ለሁለት ከፍሎ 11 እንዳይቆርጥ። እኔም ተሳስቼበታለሁ። መሐል ላይ አዲስ ስፌት አለ። ትንሹ ተሰፍቶ 10 እንዲሆን 12 ተደርጎ ይቆረጣል።

ጨርቅ የሚገዛም ሰው ያስላ። ወርዱ 90 ሴንቲሜትር የሆነ አቡጀዲ በጐን 4 ቁራጭ ይሰጣል፤ 4 ጊዜ 22፣ 88 ነውና። ለ80 ቁራጭ 20 ረድፍ ያስፈልጋል። 20 ጊዜ 22፣ 440። 4 ሜትር ከ40 ማለት ነው። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ 5 ሜትር ግዙ፤ ሳይቆረጥም በፊት አጥባችሁ አድርቁት። ገበሩ ለብቻው ነው፤ እሱንም አትርሱ።

በክንድ መለካትስ? ክንድ የራስ ነው። የኔ ክንድና የባለቤቴ ክንድ እኩል አይደለም፤ እኔ ለክቼ እሷ ብትቆርጥ አይገጥምም። ሜትሮ ከሌለ አንድ ካርቶን 22 በ22 አድርጋችሁ ቁረጡና ሁሉንም ቁራጭ በእሱ ላይ ለኩ። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ በዚያው ካርቶን ይቁረጥ።

ሴትዮዋ ሲሄዱ ካርቶን ለምነው ነው የሄዱት። ሰፊው የጫማ ሳጥን ክዳን ቀዶ፣ «20 በ20» ብሎ ጽፎበት ሰጣቸው። ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡት።