ከማቆየት ወደ ማሳደግ፦ ጥራት ያለውና ማንንም የማያገል የሕፃናት መዋያ ምን ይመስላል?

መግቢያ

ወላጆች ለሥራ ሲወጡ ሕፃናት የሚውሉበትን ቤት በአማርኛ አንዳንዱ «መዋያ»፣ አንዳንዱ «ማቆያ» ይለዋል። ሁለቱም ቃላት ልጁ ጊዜ የሚያሳልፍበትን ስፍራ እንጂ እዚያ የሚያገኘውን ነገር አይናገሩም። «ማቆያ» የሚለውማ ሕፃኑን ባለቤቱ እስኪመለስ በአደራ የተቀመጠ ዕቃ ያስመስለዋል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ከዚሁ ይነሣል፤ ልጅ የሚቆይበትን ቤት ልጅ የሚያድግበት ቤት የሚያደርገው ምንድን ነው?

ጉዳዩ ለስደተኛው ምሁር ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በአገር ቤት ከእናት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ጎረቤት እቅፍ የሚተላለፈው ሕፃን እዚህ በማያውቀው ሰው እጅ ላይ ይወድቃል። መልሱን በምኖርባት በቪንተርቱርና በአካባቢዋ፣ በስዊትዘርላንድ ከተገኘው ተሞክሮ ለማሳየት እሞክራለሁ። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዙሪክ ማሳደጊያዎች ያስተማሩት

የሕፃናት ሐኪምና የሥነ አእምሮ ባለሙያ የነበረችው ማሪ ማየርሆፈር (1909-1998) ዛሬ በስሟ የሚጠራውን የሕፃናት ጥናት ተቋም በ1957 ዙሪክ ውስጥ መሠረተች። ወዲያውም በዙሪክ አካባቢ ማሳደጊያዎች ውስጥ ሌት ተቀን የሚኖሩ ሕፃናትን ማጥናት ጀመረች። ከእነዚህ ሕፃናት ብዙዎቹ ሳያገቡ የወለዱ እናቶችና ከኢጣሊያ ለሥራ የመጡ ሠራተኞች ልጆች ነበሩ።

ቤቶቹ ንጹሐን ነበሩ፤ ምግቡ በልክ፣ እንቅልፉም በሰዓት ነበር። ይሁን እንጂ ሕፃናቱ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል በአልጋቸው ላይ ብቻቸውን ያሳልፉ ነበር። ተንከባካቢዎቹ በፈረቃ ስለሚለዋወጡ ሕፃኑ «የእኔ» የሚለው ሰው አልነበረውም። ከቪልሄልም ኬለር ጋር በ1966 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ብዙዎቹ ሕፃናት በእንቅስቃሴ፣ በንግግርና በጨዋታ ከእኩዮቻቸው ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። የጎደላቸው ሳሙናም ወተትም ሳይሆን የሚያውቃቸውና ሲጠሩት የሚመልስላቸው ሰው ነበር።

እነዚያ ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው የኖሩበት ምክንያት በከፊል ሕግ ነበር። ቪንተርቱር እንደ ዙልሰር ያሉ ታላላቅ የማሽን ፋብሪካዎች ያደጉባት፣ የውጭ አገር ሠራተኞችንም በብዛት የተቀበለች ከተማ ናት። እስከ 2002 ጸንቶ በቆየው ደንብ መሠረት በወቅታዊ ሠራተኛነት ፈቃድ የገባ ሰው ቤተሰቡን ይዞ መኖር አይችልም ነበር። ስለዚህ አንዳንዱ ልጁን ለዘመድ ትቶ መጣ፤ አንዳንዱ ለማሳደጊያ ሰጠ፤ አንዳንዱም ከፖሊስ ዐይን ሰውሮ በተዘጋ ክፍል አሳደገ። የጥራትና የመገለል ጥያቄዎች የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ከዚህ ታሪክ እንረዳለን።

የጥራት መለኪያዎች

የመጀመሪያው መለኪያ አቀባበል ነው። በበርሊን በ1980ዎቹ የተዘጋጀውና ዛሬ በስዊትዘርላንድ በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እናት ወይም አባት ከልጁ ጋር መዋያው ውስጥ ይቀመጣል፤ መለያየት የለም። በአራተኛው ቀን ወላጁ ተሰናብቶ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይወጣል። ልጁ አልቅሶ በተንከባካቢዋ የሚጽናና ከሆነ ጊዜው ቀስ በቀስ ይረዝማል፤ የማይጽናና ከሆነ ይጠበቃል። እዚህ ላይ ዋናው ቁም ነገር ልጁ አለማልቀሱ ሳይሆን የሚያጽናናው ሰው ማግኘቱ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ነው። በዙሪክ ካንቶን ዕድሜው ከአሥራ ስምንት ወር በታች የሆነ ሕፃን አንድ ተኩል ቦታ እንደያዘ ይቆጠራል፤ ብዙ እቅፍ ስለሚፈልግ ነው። ደግ ተንከባካቢም ብትሆን ስምንት ሕፃን በአንድ ጊዜ ማቀፍ አይቻላትም።

ሦስተኛው የዕለት ተዕለቱ እንክብካቤ ራሱ ነው። ሐኪሟ ኤሚ ፒክለር ከ1946 ጀምሮ በቡዳፔስት በመራችው ማሳደጊያ ሽንት ጨርቅ መለወጥና ማብላት ከትምህርት በፊት የሚፈጸም ሥራ ሳይሆን ራሱ ትምህርት ነበር። ተንከባካቢዋ የምታደርገውን ለሕፃኑ እየነገረች፣ እጁን እስኪሰጣት እየጠበቀች ታለብሰው ነበር።

አራተኛው ነጻ ጨዋታ ነው። በጄኔቭ የሩሶ ኢንስቲትዩት በ1913 የከፈተው «የታናናሾች ቤት» ልጅ እየነካና እየሠራ እንዲማር የታሰበ ነበር። ዣን ፒያዤም በ1923 ስለ ልጆች ቋንቋና አስተሳሰብ ላሳተመው መጽሐፍ እዚያው የሚጫወቱ ልጆችን ንግግር መዝግቧል።

ማንን ያገላል?

እነዚህን ሁሉ የሚያሟላ ቤት በሩ ለጥቂቶች ብቻ ከተከፈተ ጥራቱ ጎዶሎ ነው። በዙሪክ ካንቶን ከአራት ዓመት ጀምሮ መዋዕለ ሕፃናት ግዴታና ነጻ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ያለው ወጪ በአብዛኛው የወላጅ ሸክም ነው። ድጎማ የማያገኝ ቤተሰብ ለአንድ ቀን ከ100 ፍራንክ በላይ ይከፍላል። ስለዚህ ክፍያን ከገቢ ጋር ማመዛዘን የጥራት አንዱ ክፍል ነው።

ሁለተኛው በር ለአካል ጉዳተኛ ልጅ የሚከፈተው ነው። በሉሰርን በ2012 በተጀመረ አሠራር የልዩ ፍላጎት ባለሙያ ወደ መዋያው እየሄደች ተንከባካቢዎቹን ታማክራለች። ልጁ ወደ ልዩ ቤት አይወሰድም፤ ልዩ እውቀት ወደ እርሱ ይመጣል። ጉዳት ያለበትን ልጅ ከእንግዳ ዐይን መሸሸግ ላልጠፋበት ለእኛ ኅብረተሰብ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ባዝል ከተማ ከ2013 ጀምሮ ጀርመንኛ የማይችሉ ልጆች መዋዕለ ሕፃናት ከመግባታቸው በፊት በነበረው ዓመት ቋንቋውን በጨዋታ ቡድን እንዲለምዱ አስገድዳለች። ልጁ ጀርመንኛ ማወቅ ይገባዋል፤ በዚህ ክርክር የለም። ችግሩ የሚነሣው አንዱን ቋንቋ ለመትከል ሌላውን መንቀል ሲታሰብ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆነው የሚውልበት ቤት ተንከባካቢ በቅን ልቡና «በቤትም ጀርመንኛ ብቻ አናግሩት» ስትል መከረችን። የዶክትሬት ማዕረግ የያዝሁት እኔ ሳልጠይቅ ታዘዝሁ። በተሰባበረ ጀርመንኛችን ልናሳድገው ሞከርን፤ ተረቱም እሹሩሩውም ቀረ። ዛሬ እናቴ ከጎንደር ሲደውሉ ልጄ «ደኅና ነኝ» ይልና ስልኩን ለእኔ ያቀብለኛል። ጀርመንኛን ያስተማረው መዋያውና የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ አማርኛን ሊያስተምረው የሚችለው ግን ቤቱ ብቻ ነበር። ጥሩ መዋያ ይህን ያውቃል፤ የልጁን ስም አስተካክሎ ይጠራል፣ በአማርኛ «ውሃ» ሲል ይሰማዋል፣ ወላጁንም በሚያውቀው ቋንቋ እንዲያጫውተው ያበረታታል።

ወደ አገር ቤት ስንመለከት

በኢትዮጵያ በ2010 ሦስት ሚኒስቴሮች፣ ማለትም የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ፣ በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ከፅንስ ጀምሮ ያለውን ዕድሜ በአንድነት ይመለከታል። በ2017 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ሕፃናታቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ቤት እንዲያቋቁሙ ደንግጓል። አዋጁ መልካም ነው። ነገር ግን የዙሪክ ታሪክ እንደሚያስጠነቅቀን ክፍል፣ አልጋና ንጽሕና ማሟላት የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ቀሪው ግማሽ የሠለጠነች፣ ተገቢ ደመወዝ የምታገኝ፣ በየወሩም የማትለወጥ ተንከባካቢ ናት። እንደዚሁም የሦስት ዓመት ልጅ ፊደል በመቁጠሩ ብቻ ጥሩ ቤት ገባ ብሎ መደሰት ጨዋታውን መቀማት ሊሆን ይችላል።

ማጠቃለያ

ወላጅ በመዋያ በር ላይ ሲቆም የግድግዳውን ቀለም ትቶ አራት ነገር ይጠይቅ፦ ልጄ ሲያለቅስ ማን ያነሣዋል? ያቺ ሰው በሚቀጥለው ዓመትም ትኖራለች? መራመድ የማይችል ወይም የመክፈል ዐቅም የሌለው ሰው ልጅ እዚህ ቦታ አለው? በቤታችን ቋንቋ ሲናገርስ ምን ትሉታላችሁ? ለመጨረሻው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ «እንዲተው እናደርገዋለን» ከሆነ፣ እኔ በጊዜው ያላደረግሁትን ያድርግ፤ ምክሩን በአክብሮት ሰምቶ፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ልጁን በአማርኛ ያጫውት።