የአልዳብራ ዳርቻ ቆሻሻ እንዴት ተመዘነ?

አልዳብራ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ የምትገኝ የሲሸልስ የኮራል ደሴት ናት። ከዋናዋ ደሴት ከማሄ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከጥቂት ተመራማሪዎችና ጠባቂዎች በቀር ሰው አይኖርባትም፤ ከ100,000 በላይ ግዙፍ የየብስ ኤሊዎች ግን መኖሪያቸው ናት። ዩኔስኮ በ1982 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ይህም ሆኖ ሌሎች የጣሉትን ፕላስቲክ የባሕር ሞገድ ያለማቋረጥ ወደ ዳርቻዋ ይገፋል።

በ2019 እ.ኤ.አ. በጎ ፈቃደኞች በአምስት ሳምንታት ውስጥ 25 ቶን ያህል ቆሻሻ ለቀሙ። የተለቀመው በየዓይነቱ ተለይቶ ተመዘነ፤ ይህ ሥራ ከመልቀሙ ያላነሰ ዋጋ አለው፣ ቆሻሻው ከየት እንደመጣ የሚመሰክረው እሱ ነውና። ተመራማሪዎች ከዚሁ ተነሥተው በደሴቲቱ ላይ ገና 513 ቶን ያህል እንደቀረ ገመቱ። ከክብደቱ 83 በመቶው በአካባቢው ውቅያኖስ ከሚካሄደው ዓሣ ማስገር የመጣ መረብ፣ ገመድና መሰል ዕቃ ነው። ሸበጥ ብቻውን 360,000 ገደማ ይሆናል! እንቁላል ለመጣል ወደ አሸዋው የሚወጡ የባሕር ኤሊዎች መንገዳቸው የሚዘጋው በዚህ ክምር ነው።

የቀረውን ለማንሣት 4.68 ሚሊዮን ዶላርና 18,000 የሥራ ሰዓት እንደሚጠይቅ ተሰልቷል። ወጪው ቆሻሻውን ባልጣለች ትንሽ አገር ላይ መውደቁ ፍትሐዊ አይደለም፤ አዲስ ቆሻሻም መድረሱን አላቆመም።