ሰምና ወርቅ የማይፈቀድበት ጽሑፍ

እጅዎ ላይ ያለው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ፣ ውስጡ ሊኑክስ የሚባል ከርነል እየሠራ ነው። ከርነል የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው፤ ሜሞሪውን ያከፋፍላል፣ ፕሮሰሰሩን ለየፕሮግራሙ በተራ ይሰጣል፣ ካሜራውንና ስክሪኑን ያዛል። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ውስጥ ተማሪ ሳለ ይፋ ሲያደርገው ኮዱ አሥር ሺህ መስመር ያህል ነበር። ዛሬ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ሆኗል፤ ጸሐፊዎቹም በየአገሩ የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ ተያይተው የማያውቁ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው።

እነዚህ ሁሉ እንደየልማዳቸው እንዳይጽፉ ከርነሉ የአጻጻፍ ደንብ አለው። በሌላ ትእዛዝ ሥር የሚውል መስመር በአንድ ታብ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የታቡ ስፋት 8 ፊደል ነው። ይህን ያህል የሰፋው ሆን ተብሎ ነው። ከሦስት እርከን በላይ የሚገባ ኮድ ወደ ቀኝ ጠርዝ እየተገፋ ሲሄድ፣ ጸሐፊው ሥራውን ከፋፍሎ እንደገና ማዋቀር እንዳለበት በዓይኑ ያያል። መስመሩም ከ80 ፊደል ባያልፍ ይመረጣል። ይህ ልክ ከድሮ ተርሚናሎች፣ ከእነሱም በፊት አይቢኤም በ1928 ካወጣው ባለ 80 ዓምድ የሚበሳ ካርድ የተወረሰ ነው።

ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር ግን ለክፍት ቦታና ለታብ ደንታ የለውም። ከርነሉ በአብዛኛው በተጻፈበት በሲ ቋንቋ፣ የትኛው ትእዛዝ በየትኛው ሥር እንደሚውል የሚወስነው ቅንፉ እንጂ የመስመሩ አቀማመጥ አይደለም። ታዲያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን?

መልሱን በ2014 በአፕል ምርቶች ላይ የተገኘ ስህተት ያሳያል። ኮዱ አንድ ድረ ገጽ እውነተኛ መሆኑን በፊርማው የሚያረጋግጥ ነበር። በየደረጃው “ስህተት ካለ” ይልና፣ ከሥሩ ገባ ብሎ “ወደ መውጫው ዝለል” የሚል አንድ መስመር ይከተላል። አንድ ቦታ ላይ ይህ መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ሁለቱም እኩል ገብተው ስለተቀመጡ፣ ለሚያነብ ሰው ሁለቱም በ“ስህተት ካለ” ሥር ያሉ ይመስላሉ። ቅንፍ ስላልነበረ ግን ኮምፓይለሩ ከሁኔታው ጋር ያሰረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ስህተት ኖረም አልኖረም ይዘላል። የመጨረሻው የፊርማ ምርመራ ታልፎ ውጤቱ “ደህና ነው” ሆነ። ዓይን ሰሙን አነበበ፣ ማሽኑ ወርቁን። በቅኔ የሚያስመሰግነው ይህ ነገር በኮድ ውስጥ ለሰርጎ ገብ በር ይከፍታል።

የከርነሉ ደንብም ትእዛዙ አንድ ብቻ ሲሆን ቅንፉ እንዲቀር ይላል። ስለዚህ አንባቢው የሚተማመነው በመስመሩ አቀማመጥ ነው፤ አቀማመጡ ከዋሸ አንባቢው ይታለላል። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለርም በ2016 በወጣው ስድስተኛ እትሙ አሳሳች አቀማመጥ ሲያይ ማስጠንቀቅ ጀምሯል።

ኮዱን ከደንቡ ጋር የሚያስማማው ጽዳት የራሱ መሣሪያዎች አሉት። ቼክፓች የሚባለው ፕሮግራም የተላከን ለውጥ መርምሮ ከደንቡ የወጣውን ይጠቁማል። ኮክሲኔል የሚባለው ደግሞ አንድን የአጻጻፍ ፈለግ በሺዎች በሚቆጠሩ ፋይሎች ውስጥ ፈልጎ ያርማል። ከ2008 ጀምሮም ገና ያልጠሩ ድራይቨሮች (ከርነሉ መሣሪያዎችን የሚያዝባቸው ኮዶች) ስቴጂንግ በተባለ ማቆያ ይቀመጣሉ፤ ብዙ ጀማሪዎች እጃቸውን የሚያፍታቱት እዚያ በማጽዳት ነው።

ጽዳት ግን ዋጋ አለው። እያንዳንዱ መስመር ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደጻፈው መዝገብ አለ፤ መስመሩ ለክፍት ቦታ ሲባል በተነካ ቁጥር የቀድሞው ምክንያት አንድ እርምጃ ይርቃል። ሌላ ሰው በዚያው ቦታ ላይ ያዘጋጀው እርማትም ከጽዳቱ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ቼክፓች የጠቆመው ሁሉ አይታረምም፤ ኮዱ ከደንቡ ወጥቶ ይበልጥ የሚነበብ ከሆነ ይተዋል። ከሁሉ በላይ ግን ጽዳትና የአሠራር ለውጥ በአንድ ፓች (በአንድ የለውጥ ጥቅል) አይላኩም፤ በመቶ የታብ ለውጦች መካከል የተሸጎጠች አንዲት እውነተኛ ለውጥ ከገምጋሚው ዓይን ታመልጣለችና።

ለብቻው የተላከ ጽዳት ሊፈተን ይችላል። ኮዱ ከጽዳቱ በፊትና በኋላ በኮምፓይለር ያልፍና ሁለቱ የማሽን ፋይሎች ይነጻጸራሉ። የመስመር ቁጥር ከሚመዘገብባቸው ቦታዎች በቀር አንድ ሆነው ከተገኙ ሥራው ሰምሯል፤ ማሽኑ የሚያነበው ያው ነው፣ የጠራው ሰው የሚያነበው ነው።