«ክትባቱን ውጉኝና ልመርመር»
የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ማንን ይጠቅማል?

በሐምሌ ወር አንዲት ወጣት በምሠራበት ወረኢሉ የምርመራ ወረቀቷን ይዛ መጣች። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ለመሄድ ስትመረመር የጉበት ቫይረስ ቢ ተገኝቶባት መመለሷ ነው። «ዶክተር፣ ክትባቱን ውጉኝና እንደገና ልመርመር» አለችኝ። ከተከተበች ውጤቱ ይስተካከላል ያላት ደላላው ነው። በእኛ አካባቢ ብዙ ወጣቶች ስለዚህ ቫይረስ መጀመሪያ የሚሰሙት በዚሁ መንገድ ስለሆነ ለእሷ የሰጠሁትን መልስ ለእርስዎም ልንገርዎ።

ክትባቱ ቫይረሱ እንዳይገባ ይከላከላል እንጂ የገባውን አያስወጣም። ቫይረሱ ያለበት ሰው ቢከተብ ገንዘቡን ያባክናል፤ የምርመራ ውጤቱም አይለወጥም። ስለዚህ አዋቂ ሰው ከመከተቡ በፊት ይመርመር።

ቫይረሱ ተገኘብኝ ማለት ግን ሁሉም ነገር አበቃ ማለት አይደለም። የሚያስፈልገው ክትትል ነው። መድኃኒት የሚጀምረው ሁሉም ሰው ሳይሆን ጉበቱ መጎዳት የጀመረ ወይም ሐኪሙ ያስፈልገዋል ያለው ነው። ቸል ከተባለ ግን ከዓመታት በኋላ የጉበት መጠጠርና ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። ብዙዎች «የወፍ በሽታ» ብለው ዓይን ቢጫ እስኪሆን ይጠብቃሉ። ቫይረሱ ለረጅም ጊዜ ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ዓይናቸው ነጭ፣ ጉልበታቸውም ደህና ነው። በዚህ መሃል የሚጠጣው የሥር መድኃኒት ለተጎዳ ጉበት ተጨማሪ ሸክም ይሆናል።

ወጣቷን አብረዋት የሚኖሩትን ሁሉ ይዛ እንድትመጣ ነገርኳት። ታናሽ ወንድሟ ነፃ ሆነ፤ እናቷ ግን እንደ እሷው ተገኘባቸው። «እኔ ነኝ ያስያዝኳት?» ሲሉ ጠየቁኝ። ምናልባት በወሊድ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ልጅቷ የተወለደችው በ1995 ዓ.ም ሲሆን የጉበት ክትባት በአገራችን የሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም ነው። ያኔ እሳቸው ሊያደርጉት ይችሉት የነበረ ነገር አልነበረም፤ ይህንኑ ነገርኳቸው።

ዛሬ ግን የሚደረግ ነገር አለ። በሕፃንነታቸው በቫይረሱ ከሚያዙ 10 ልጆች በዘጠኙ ያህል ላይ ዕድሜ ልክ ይቀመጣል፤ በአዋቂነታቸው ከሚያዙት ግን ከመቶ ከአምስት ባነሱት ላይ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ክትባት በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ የሚመክረው ለዚህ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ በእርግዝና ክትትል ይመርመሩ፤ የ24 ሰዓቱ ክትባት በሚወልዱበት ተቋም መኖሩንም ቀደም ብለው ይጠይቁ። ቫይረሱ ያለባት እናት ልጇ ከተከተበ ጡት ማጥባት ትችላለች። እናቶች «የ45 ቀን» የሚሉት ክትባትም የጉበቱን መከላከያ ይዟል፤ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይደገማል። ልጅዎ ካተኮሰው ብለው ቀጣዩን አይተዉበት።

ምርመራው ነፃ ያለው አዋቂ ሦስት ጊዜ ይወጋል፤ ዛሬ፣ ከወር በኋላና በስድስተኛው ወር። የአዋቂዎቹ ክትባት በየጤና ጣቢያው ላይኖር ስለሚችል የሚገኝበትንና ዋጋውን አስቀድመው ይጠይቁ። ብዙ ሰው የሚቀረው በሦስተኛው ላይ ነው። ወረኢሉ አጼ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም የዓድዋን ዘማች የቀጠሩባት አገር ናት፤ የእኛ ሰው ግን የመርፌ ቀጠሮ ሲሆን ይረሳዋል! ቀኑ ካለፈብዎት እንደ አዲስ አይጀምሩም፤ ከቀረው ይቀጥላሉ።

በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከመቶ ሰዎች ሰባት ያህሉ ቫይረሱ አለባቸው። ስለዚህ በቤትዎ ወይም በጎረቤትዎ አንድ ሰው ቢኖር አይደንቅም። ጉርሻ፣ አብሮ መብላት፣ ቡና መጠጣትና መሳሳም አያስተላልፉም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ነው። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን ስለሚቆይ ደሙ የደረቀ የሚመስል ምላጭም ያስይዛል። እንጥል ማስቆረጥ፣ ዋግምት፣ ንቅሳትና በአንድ ምላጭ መላጨት የሚያሰጉን ለዚህ ነው።

ወጣቷና እናቷ አሁን ክትትል ላይ ናቸው። ወንድሟ ሁለተኛውን መርፌ ወስዷል፤ ሦስተኛው በጥር ነው።