ከመስተዋቱ ጀርባ ያለው ጤዛ

ክረምት ላይ በአዲስ አበባ በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ ባሉ የማመልከቻ መተየቢያና የፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ ጠዋት የተከፈተ ኮምፒዩተር ስክሪኑ ጥግ ላይ ነጣ ያለ ደመና ቋጥሮ ሊገኝ ይችላል። በጨርቅ ቢወለወል አይለቅም፤ ያለው ከመስተዋቱ በስተጀርባ ነውና። ባለቤቱ ይደነግጥና ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ያሞቀዋል፣ አለዚያም ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይቀጥላል። እንዲህ ያለው ጤዛ በጊዜው ከደረቀ ስክሪኑን እምብዛም አይጎዳም፤ በእኔ እምነት ብዙውን ጊዜ ጉዳቱን የሚያመጣው ጥድፊያው ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ሌሊቱ ይበርዳል፣ አየሩም እርጥበት ይሞላዋል። በአራዳ የቀሩት የጥንት ቤቶች የድንጋይና የጭቃ ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ ስለሆነ አንዴ ከቀዘቀዙ ቶሎ አይሞቁም። ስክሪኑም አብሯቸው ሲቀዘቅዝ ያድራል። ጠዋት በሩ ተከፍቶ ባለጉዳዩ ከነእርጥብ ጃኬቱ ሲገባ፣ ሻዩም ሲፈላ፣ የክፍሉ አየር ከዕቃው ቀድሞ ይሞቃል። 20 ዲግሪ የሞቀና አንጻራዊ እርጥበቱ 75 በመቶ የደረሰ አየር 15 ዲግሪ ገደማ ወይም ከዚያ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሲነካ ጤዛ ይቋጥራል። ፈሳሽ ክሪስታሉ ያለው በሁለት መስተዋቶች መካከል ሲሆን ዙሪያው በማጣበቂያ ተዘግቷል። ከጀርባው ያሉት ብርሃን የሚያሰራጩ የፕላስቲክ ንጣፎች ግን ተደራርበው የተቀመጡ ብቻ ናቸው፤ እርጥብ አየር በጠርዛቸው ይገባል። ደመናው ብዙውን ጊዜ የሚታየው እዚያ ነው።

ጤዛ እንደ ተጣራ ውሃ ነው፤ ጨው የለውም፣ ስኳርም የለውም፣ ቀስ ብሎ ሲተን እድፍ አይተውም። ከቆርቆሮ የሚንጠባጠብ ዝናብ ወይም የፈሰሰ ሻይ ግን ያዘለውን ሁሉ እውስጥ ትቶ ይደርቃል። ያም ሆኖ ጤዛውም ቦርዱ ላይ የተጠራቀመውን አቧራ ካራሰ በኋላ ኤሌክትሪክ ካለፈበት የመዳብ መስመሮቹን ይበላል። «ከፍተው ቢተዉት በራሱ ሙቀት ይደርቃል» የሚሉ አሉ። ከፊል እውነት አለው፤ የጀርባ መብራቱ ሙቀት ቀለል ያለውን ጭጋግ ያበናል። ነገር ግን ቦርዱ የረጠበ መሆን አለመሆኑ ከውጭ ስለማይታይ፣ መጀመሪያ ማጥፋት፣ ቻርጀሩን መንቀል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ማውጣት፣ ከዚያም ደረቅ ክፍል ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ማቆየት ይሻላል። ሩዝ ውስጥ መቅበር እምብዛም አይረዳም፤ ብናኙም በቀዳዳዎቹ ይገባል። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት ትንንሽ የሲሊካ ጄል ከረጢቶች፣ ብዛት ካላቸው፣ ከዕቃው ጋር በተዘጋ ፌስታል ሲቀመጡ እርጥበት በመምጠጥ ይበልጡታል። የፀጉር ማድረቂያና የቀትር ፀሐይ ንጣፎቹን ሊያጣምሙ ይችላሉ፤ የተጣመመ ንጣፍ ደግሞ ስክሪኑ ቢደርቅም ጥላው አይጠፋም።

የዕለት ገቢው በዚያው ኮምፒዩተር ላይ የተንጠለጠለ ሰው ሁለት ቀን እንዴት ይጠብቃል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለእርሱ የሚያዋጣው ጤዛው ሳይቋጥር መከላከል ነው። ስክሪኑን ከቀዝቃዛው ግድግዳ ፈቀቅ ማድረግ፣ ማታ በጥጥ ጨርቅ እንጂ በላስቲክ አለመሸፈን፣ ማንቆርቆሪያውን ከጠረጴዛው ማራቅ፣ ጠዋት ክፍሉ ከሞቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ማብራት ወጪ የለውም። በብርድ የመጣ ላፕቶፕም ከቦርሳው ሳይወጣ የክፍሉን ሙቀት ቢላመድ ጤዛ አይዘውም። ደርቆ ሲያበቃ ጠርዙ ቡናማ የሆነ እድፍ የቀረበት ስክሪን ግን ውሃ ፈሶበታል፤ ያ በባለሙያ ተፈትቶ መታየት አለበት፤ ከጠረጴዛው በላይ ያለው ቆርቆሮም እንዲሁ።