ገንዲ በበረት ደጃፍ ሲመረመር

የደብረ ማርቆስ ብርድ ለቆላ ዝንብ አይመችም። ወደ ደብረ ኤልያስ ቆላና ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ግን ዝንቡ ከብቱን ይነክሳል፤ በንክሻውም ትሪፓኖሶማ የተባለውን ተውሳክ ደም ውስጥ ይጨምራል። በሽታው ገንዲ ይባላል። የያዘው በሬ እየበላ ይከሳል፣ ፀጉሩ ይንጨባረራል፣ ትኩሳቱ መጣ ሄድ ይላል፤ እርሻ ሲደርስ ቀንበር መሸከም ያቅተዋል።

የከሳ በሬ ሁሉ ግን ገንዲ አልያዘውም። የጉበት ትልም፣ የአንጀት ትልም፣ የመኖ እጥረትም ያከሳሉ። በግምት መርፌ መውጋት የገበሬውን ገንዘብ ያባክናል፤ በዘፈቀደ ሲደጋገም ደግሞ ተውሳኩ መድኃኒቱን ይለምዳል። ለገንዲ ያሉን መድኃኒቶች ጥቂትና አሮጌ ስለሆኑ፣ ዲሚናዚንና ኢሶሜታሚዲየም መሥራት ካቆሙ ገበሬው ምን ይቀረዋል?

ስለዚህ ደሙ መታየት አለበት፤ ያውም ቶሎ። ደሙ ተቀድቶ ከዋለ ተውሳኩ መንቀሳቀሱን ያቆማል፣ የደከመ በሬም ዳገት ወጥቶ ከተማ አይደርስም። ሴንትሪፊውጁ፣ ማይክሮስኮፑና ጀነሬተሩ መኪና ላይ ተጭነው ወደ ከብቱ መውረድ አለባቸው።

ባለሙያው የበሬውን ጆሮ ጠርዝ የደም ሥር ወግቶ 75 ሚሊ ሜትር የምትረዝም ቀጭን የመስታወት ቱቦ ሦስት አራተኛዋን ይሞላና አንድ ጫፏን ይደፍናል። ቱቦዋ በሴንትሪፊውጁ ውስጥ በደቂቃ 12,000 ጊዜ ለ5 ደቂቃ ስትሽከረከር ቀዩ ደም ከታች ይረጋል፣ ውሃማው ከላይ ይቀራል፣ በመካከላቸው ቀጭን ነጣ ያለ መስመር ይወጣል። መጀመሪያ የቀዩ ድርሻ ይለካል፤ ከ24 በመቶ ካነሰ ከብቱ ደም አንሶታል። ከዚያ ቱቦዋ ከነጩ መስመር 1 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብላ ትቆረጥና በድንበሩ ላይ ያለው ፈሳሽ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ይንጠባጠባል። ተውሳኩ የሚከማቸው እዚያ ነው። ቪቫክስ የሚባለው ዐይነት በማይክሮስኮፑ ዕይታ ከዳር እስከ ዳር ይወረወራል፤ ኮንጎሌንሴ ዝግ ብሎ ቀይ ህዋስ ላይ ተለጥፎ ይርገበገባል። ልዩነቱ ለመከላከልም ይጠቅማል፤ ቪቫክስን ሌሎች ተናካሽ ዝንቦችም ስለሚያዛምቱት የቆላ ዝንብ በማይደርስበት በጣና ዙሪያ ሳይቀር ይገኛል።

ማክስ መሬይና ባልደረቦቹ ይህን አሠራር ያሳተሙት በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። ተውሳኩ በደም ውስጥ ጥቂት ከሆነ ግን ሊያመልጥ ይችላል። ተውሳክ ሳይታይበት ደም ያነሰው በሬ ዝም ብሎ ሊሰናበት አይገባም፤ ሰንብቶ እንደገና ይመረመራል፣ እበቱም ለትል ይታያል። ተውሳክ የተገኘበት በሬ ደረቱ በሜትር ተለክቶ ክብደቱ ይገመትና ዲሚናዚን በኪሎ 3.5 ሚሊ ግራም ሂሳብ ይወጋል፤ ከዚያ ያነሰ መጠን ተውሳኩን መድኃኒት ያስለምዳል።