የጆሮ ጩኸትና የመስሚያ መሣሪያ

ጆሮው ሲጮህበት «ሰው እያማኝ ነው» የሚል ብዙ ነው። ለአፍታ ጭው ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ነገሩ በቀልድ ያልፋል። ጩኸቱ ወራትና ዓመታት ሲቆይ፣ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳ፣ ቀን ሐሳብ ሲበትን ግን በሐሜት የሚሳበብ ነገር አይደለም። ሐኪሞች ቲኒተስ ይሉታል። ከውጭ ምንም ሳይኖር ፉጨት፣ ጭርታ ወይም እንደ ንብ ያለ ድምፅ መስማት ማለት ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት በዓለም ላይ ከ740 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች ይህን ጩኸት እንደሚሰሙ ገምቷል። ከ120 ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑት ደግሞ ከባድ ችግር ነው።

ጩኸቱ ከየት ይመጣል?

በውስጠኛው ጆሮ፣ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ክፍል ውስጥ፣ ድምፅን ተቀብለው ወደ አንጎል የሚልኩ ፀጉር መሰል ጥቃቅን ህዋሳት አሉ። እርጅና፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ኃይለኛ ድምፅና አንዳንድ መድኃኒቶች እነዚህን ህዋሳት ይጎዳሉ። አንዴ ከሞቱ በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም።

አንጎል ከጆሮ የሚደርሰው ድምፅ ሲያንስበት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሩቅ ያለ የሬዲዮ ጣቢያ ስንፈልግ ድምፁን ከፍ እንደምናደርገው ሁሉ አንጎልም የራሱን «ድምፅ» ከፍ ያደርጋል። ያን ጊዜ ሬዲዮው ሽሽ እንደሚለው ጆሮም ይጮሃል። ብዙ ተመራማሪዎች የሚስማሙበት ማብራሪያ ይህ ነው። ሥር የሰደደ የጆሮ ጩኸት ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ የመስማት ችሎታቸው የቀነሰ መሆኑም ከዚህ ጋር ይገጥማል።

መሣሪያው ምን ያደርጋል?

የመስሚያ መሣሪያ የጠፋውን ድምፅ አጉልቶ ወደ ጆሮ ይመልሳል። ኩራዝ በጨለማ ክፍል ውስጥ ዓይን ይወጋል፤ በቀን ብርሃን ግን መብራቱም አይታወቅ። የጆሮ ጩኸትም ጸጥታ ውስጥ ይጎላል፤ የሰው ንግግር፣ የወፍ ድምፅና የመንገድ እንቅስቃሴ ሲሰማ ይደበዝዛል። ከዚህም ሌላ፣ ሰው የሚናገረውን ለመያዝ ቀኑን ሙሉ ሲታገል የዋለ ሰው ይደክማል፤ ድካምና ጭንቀት ደግሞ ጩኸቱን ያብሳሉ። መሣሪያው ይህን ትግል ያቀልለታል።

ታዲያ መሣሪያው ጩኸቱን ያድናል? አያድንም። ሲወልቅ ጩኸቱ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ማስረጃውም የተጠበቀውን ያህል ጠንካራ አይደለም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ተቋም በ2018 እ.ኤ.አ. 8 ጥናቶችን አይቶ፣ የመስሚያ መሣሪያ ከድምፅ አመንጪ መሣሪያ እንደሚበልጥ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። በሁለቱም የተጠቀሙ ሰዎች ግን ጩኸቱ እንደቀለላቸው ተናግረዋል። የመስማት ችግሩ በጣም ከባድ ከሆነ ወይም ጩኸቱ መሣሪያው ከሚደርስበት በላይ ቀጭን ከሆነ ጥቅሙ ሊያንስ ይችላል። እንዲያም ሆኖ የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ፣ የሚያስቸግር የጆሮ ጩኸትና የመስማት ችግር አብረው ያሉበት ሰው ለመስሚያ መሣሪያ እንዲመረመር መክረዋል። ምክንያቱም ጩኸቱ ባይቀንስ እንኳ ሰውየው የተሻለ ይሰማል። በጩኸቱ ለሚጨነቁ ደግሞ አስተሳሰብንና ልማድን ለመቀየር የሚሰጠው የምክር ሕክምና ጭንቀቱን እንደሚያቀል ታይቷል።

በሞያሌ ላለን

ናይሮቢም አዲስ አበባም ከእኛ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ቅርብ ያለው ጤና ተቋም ይታይ። አንዳንዴ ጩኸቱ የመጣው ከተጠራቀመ ኩክ ወይም ከሚመግል ጆሮ ነው፤ ይህ እዚሁ ሊታከም ይችላል። በክብሪት እንጨት መጎርጎር ወይም ዘይት ማፍሰስ ግን ጉዳት ያመጣል። እንደ ጄንታማይሲንና ኪኒን ያሉ መድኃኒቶች ስትወስዱ ጆሮ ከጮኸ ለሐኪም ወዲያው ንገሩ፤ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ። መስማት በድንገት ከጠፋ፣ ወይም ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ ወይም እንደ ልብ ምት ከመታ፣ ሳትዘገዩ ሂዱ።

መሣሪያ ያገኘ ሰው በሳምንት ውስጥ ተስፋ አይቁረጥ። አንጎል አዲሱን ድምፅ ለመልመድ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። አቧራ፣ ላብና ውሃ ጠላቶቹ ናቸው፤ በየቀኑ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ። ከመግዛታችሁ በፊት ባትሪው የት እንደሚገኝና ማን እንደሚጠግነው ጠይቁ። ያገለገለው ባትሪ ሕፃን ከዋጠው አደገኛ ስለሆነ ከልጆች ይራቅ። ማታ መሣሪያው ሲወልቅ ዝቅ ያለ ሬዲዮ መክፈት ጸጥታውን ይሰብራል።

ለተማሪዎችና ለመምህራን

በከተማችን አንድ ልጅ በአማርኛ፣ በቦረና፣ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ መካከል ይኖራል። መስማቱ ሲቀንስ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚያመልጡት እንደ «ሰ»፣ «ፈ» እና «ሸ» ያሉት ቀጭን ድምፆች ናቸው። ስለዚህ ቋንቋ ያልገባው ወይም ሰነፍ ሊመስለን ይችላል። መምህራን እንዲህ ያለውን ልጅ ፊት ያስቀምጡት፤ ወደ ሰሌዳው ሳይሆን ወደ እሱ ዞረው ይናገሩ። ወላጆችም ልጁ «ጆሮዬ ይጮሃል» ሲል አትቆጡት። ተማሪዎች ሆይ፣ በወፍጮ ቤትና በሠርግ ድምፅ ማጉያ አጠገብ አትቁሙ፤ የስልክ ማዳመጫችሁንም ዝቅ አድርጉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ የመስሚያ መሣሪያ ሊጠቅማቸው ከሚችሉ 100 ሰዎች የሚጠቀሙት 17 ያህሉ ብቻ ናቸው። ዋጋና ርቀት ትልቁ ምክንያት ነው። እፍረት ግን ሌላው ነው፤ ይህን ደግሞ በእጃችን ማስወገድ እንችላለን። መነጽር ያደረገን ልጅ ማንም አይስቅበትም። መሣሪያ ከጆሮው ጀርባ ያደረገውን ልጅ «ደንቆሮ» ብሎ የሚጠራ ካለ ግን ልጁ ነገ መሣሪያውን በኪሱ ይዞ ይመጣል፤ በኪስ ያለ መሣሪያ ደግሞ ማንንም አይረዳም።